በዋሽንግተን ስቴት በሙያ ትምህርት የሚገኝ የሳይንስና የሒሳብ ክሬዲት፦ ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ምን መጠየቅ አለበት?

የሬንተን እናት

ለተከበራችሁ የዚህ መድረክ አባላት ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 10ኛ ክፍልን እያጠናቀቀች ሲሆን ለሚቀጥለው ዓመት የምትማራቸውን ትምህርቶች እንድትመርጥ ከትምህርት ቤቷ ቅጽ ተሰጥቷታል። እርሷ የመረጠችው ግማሽ ቀን ወደ ስኪልስ ሴንተር (የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል) እየሄዱ የሚማሩትን የረዳት ነርስነት፣ ማለትም የሲኤንኤ ሥልጠና ነው። ካውንስለሯ (የትምህርት አማካሪዋ) ይህ ሥልጠና እንደ ላብራቶሪ ሳይንስ እንደሚቆጠርላት፣ በዚያው ላይም ለምረቃ የሚጠየቀውን የሙያ ትምህርት ክሬዲት እንደሚያሟላላት ነግረዋታል። ከቅጹ ጋር ሌላ ወረቀት ተያይዞ መጥቷል፤ ይኸውም ሦስተኛው የሒሳብ ክሬዲት በአልጀብራ 2 ፈንታ በሙያ ትምህርት ክፍል በሚሰጥ የተግባር ሒሳብ እንዲተካ ወላጅ መስማማቱን በፊርማው እንዲያረጋግጥ የሚጠይቅ ነው።

አንድ ትምህርት እንዴት ሁለት ጊዜ ሊቆጠር እንደሚችል አልገባኝም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ልጄ ወደፊት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሙሉ ነርስ መሆን የምትፈልግ መሆኗ ነው። ይህን ወረቀት ብፈርም ያንን መንገድ እዘጋባታለሁ ወይስ አልዘጋባትም? ወረቀቱን ለጊዜው ሳልፈርም አስቀምጬዋለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ወላጆች ወይም ጉዳዩን በሥራችሁ የምታውቁት ብትኖሩ ብትረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


የቤተሰብ አገናኝ

እህቴ፣ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ የተለያዩ ስለሆኑ ለየብቻ ብንመለከታቸው ይሻላል። እኔ በአንድ የትምህርት ዲስትሪክት ውስጥ ቤተሰቦችን ከትምህርት ቤት ጋር በማገናኘት ሥራ ላይ ስለምገኝ ይህ ወረቀት በየዓመቱ በእጄ ያልፋል፤ ብዙ ወላጆችም ሳያነቡት ሲፈርሙት አያለሁ።

በዋሽንግተን ስቴት አንድ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 24 ክሬዲት ያስፈልገዋል። ከእነዚህ ውስጥ 4 የእንግሊዝኛ፣ 3 የሒሳብ፣ 3 የሳይንስ፣ 3 የማኅበራዊ ሳይንስ፣ 2 የጤናና የሰውነት ማጎልመሻ፣ 2 የሥነ ጥበብ፣ 2 የውጭ ቋንቋ፣ 1 የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ሲሆኑ የቀሩት 4 ተማሪው እንደ ፍላጎቱ የሚመርጣቸው ናቸው። አንድ የሙያ ትምህርት ይዘቱ ከአንድ መደበኛ ትምህርት ጋር ተመዝኖ እኩል ሆኖ ከተገኘ የዚያ ትምህርት አቻ ሆኖ ይመዘገባል። ይህ የአንድ ካውንስለር በጎ ፈቃድ አይደለም። ዲስትሪክቶች የአቻነት ፖሊሲ እንዲኖራቸው የስቴቱ ሕግ ያስገድዳል፤ በስቴት ደረጃ ተመዝነው የጸደቁ አቻ ትምህርቶችም በዝርዝር ወጥተዋል።

ትምህርት ቤቶች «ሁለት ለአንድ» የሚሉት አሠራር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጅዎ ሥልጠናውን ስትጨርስ አቻ የሆነው ክሬዲት በትራንስክሪፕቷ (በትምህርት ውጤት ማስረጃዋ) ላይ በሳይንስ ክፍል ሥር ይጻፋል፤ የሙያ ትምህርት ግዴታዋም በዚያው እንደተሟላ ይቆጠራል። ሆኖም ሁለት ግዴታ ተሟላ እንጂ ሁለት ክሬዲት አልተገኘም። ጠቅላላ ድምሩ 24 መሆኑ አይቀርም፤ የምታተርፈው በትምህርት ሰሌዳዋ ላይ የሚለቀቀውን አንድ ቦታ ነው፤ በእርሱም የምትወደውን ትምህርት ልትጨምርበት ትችላለች። የስኪልስ ሴንተር ሥልጠና ግማሽ ቀን ስለሚወስድ በዓመት ብዙውን ጊዜ 3 ክሬዲት ያስገኛል፤ ነገር ግን ሦስቱም በሳይንስ ይመዘገባሉ ማለት አይደለም። ስንቱ በሳይንስ፣ ስንቱ በምርጫ ትምህርት እንደሚጻፍ በግልጽ ይጠይቁ።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ስመጣ፣ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ለምረቃ የሚበቃ ክሬዲት ሁሉ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ አይበቃም። የስቴቱ የአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የሆነ ዝቅተኛ የመግቢያ መስፈርት አላቸው። በሒሳብ በኩል ተማሪው እስከ አልጀብራ 2 እንዲደርስ፣ በ12ኛ ክፍልም ስሌት ያለበትን ትምህርት እንዲወስድ ይጠይቃሉ። አንዳንድ አቻ ትምህርቶች ይህንን መስፈርት ያሟላሉ፤ ሌሎቹ አያሟሉም፤ ስለዚህ በትራንስክሪፕት ላይ «ሒሳብ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የሳይንሱንም ነገር እንደዚሁ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ ሁሉም ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕጉ ተማሪው ሦስተኛውን የሒሳብ ክሬዲት ከወደፊት ዕቅዱ ጋር አስማምቶ እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ ምርጫው ከአልጀብራ 2 ውጭ ሲሆን ግን የወላጅን ስምምነት ይጠይቃል። ወላጅ ካልተገኘ ወይም ፍላጎቱን ካልገለጸ ካውንስለሩ ወይም ርእሰ መምህሩ ሊያጸድቁት ይችላሉ። በመሆኑም ወረቀቱን ሳይፈርሙ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ «አይሆንም» ማለት አይደለም። ካልተስማሙ አለመስማማትዎን በጽሑፍ ይግለጹ፤ ግራ ከተጋቡም ቀጠሮ ይጠይቁ።

ለልጅዎ የምመክረው ሥልጠናውን እንድትወስድ፣ አልጀብራ 2ንም እንዳትተው ነው። አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ነርስ ለመሆን የሚያስፈልጉት የኬሚስትሪና የስታቲስቲክስ ትምህርቶች በዚያ ሒሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብትሄድ ያንን የመግቢያ መስፈርት አይጠይቋትም፤ ነገር ግን ያልተማረችውን ሒሳብ እዚያ ገንዘብና ጊዜ ከፍላ እንድትማረው ትገደዳለች።


የኬንት አባት

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ የሙያ ትምህርቱን ጨርሶ እንድትወስድ አልመክርም። በአገራችን የ10ኛ ክፍል ፈተና በነበረበት ዘመን ውጤት የመጣለት ወደ መሰናዶ ሲያልፍ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ነበር። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያለፍን ሰዎች የሙያ ትምህርት የሚለውን ስንሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚለን ይኸው ነው፤ ይህም ከንቱ ኩራት አይመስለኝም።

በዚህ አገርም ታሪኩ ንጹሕ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት በሁለተኛ ደረጃ ለሚሰጥ የሙያ ትምህርት ገንዘብ መመደብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1917 በወጣው የስሚዝ ሂዩዝ ሕግ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሙያ ትምህርት ከመደበኛው ተነጥሎ የቆመ ነበር። የጥቁሮች፣ የስደተኞችና የድሆች ልጆች ችሎታቸው በወጉ ሳይመዘን ወደዚያ ይገፉ እንደነበር የትምህርት ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈውታል። አሁን ደግሞ እንግሊዝኛ አጥርታ ለማትናገር እናት አልጀብራ 2ን የሚያስቀር ወረቀት ይላካል። የካውንስለሩ ሐሳብ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ የተላከው ለክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ነው ወይስ ለአንዳንዶቹ ብቻ? እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።


የቀድሞ የኮር ፕላስ ተማሪ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ሊናቅ የማይገባው ነው፤ ማንም ወላጅ ቢጠይቀው መልስ ሊሰጠው ይገባል። ነገር ግን አቻ ክሬዲት የዚያ የመነጠል ታሪክ ቅጥያ ሳይሆን መድኃኒቱ እንደሆነ አድርጌ ስለማየው በትሕትና ልቃወምዎት። በድሮው አሠራር የሙያ ትምህርት የሚማር ልጅ ሒሳብና ሳይንስ በውስጡ ቢኖርም እንኳ አይቆጠርለትም ነበር፤ ስለዚህ ወይ ሙያውን ወይ ዲፕሎማውን መምረጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታደሰው የፌዴራል የሙያ ትምህርት ሕግም የመደበኛውና የሙያው ትምህርት ይዘት አብረው እንዲሄዱ ይጠይቃል።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት ኮር ፕላስ ኤሮስፔስ የሚባለውን ነው። ቦይንግ ከስቴቱ ትምህርት ቤቶች ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ሲሆን በዋሽንግተን ስቴት ለሒሳብና ለሳይንስ አቻ እንዲሆን ጸድቋል። በክፍሉ ውስጥ ንድፍ ማንበብ፣ ብረት መለካትና መብሳት፣ ክፍሎችን መገጣጠም እንማር ነበር። አንድ ቀዳዳ ከተሰጠው ልክ በኢንች ሺህኛ ክፍሎች ብቻ ቢያልፍ የሠራነው ይጣል ነበር፤ የሦስት ማዕዘን ሒሳብን ከወረቀት ላይ ይልቅ በዚያ ክፍል በደንብ ተረዳሁት። ይሁን እንጂ አልጀብራ 2ንም አብሬ ተምሬያለሁ፤ መምህራችን ራሳቸው ነበሩ እንዳንተወው የመከሩን። ዛሬ በአውሮፕላን ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የምሕንድስና ትምህርት እከታተላለሁ፤ ያ ሒሳብ ባይኖረኝ ማታውን አልጀምረውም ነበር።

ሙያ የመረጠ ሰው ሒሳብ አያስፈልገውም የሚለውን ሐሳብ በጣም መቃወም እፈልጋለሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበርና ቀጣሪዎች በጋራ ወደሚያካሂዱት ደመወዝ እየተከፈለ ወደሚሠለጠንበት ሥልጠና ለመግባት እንኳ አመልካቹ የአንድ ዓመት አልጀብራ ተምሮ ያለፈ መሆን አለበት። ከሒሳብ የሚያርቅ የሙያ ትምህርት ካለ ከዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን ከጥሩ ሙያም ያርቃል።


የኬንት አባት

ልጄ፣ የጻፍከውን በጥሞና አነበብሁ። ሁለቱም አብረው የሚሄዱ ከሆነ ተቃውሞዬ በሥልጠናው ላይ ሳይሆን በሁለተኛው ወረቀት ላይ ይሆናል። ሆኖም አብረው እንዲሄዱ ማንም በራሱ አያደርገውም፤ ወላጅ ካልጠየቀ ቀላሉ መንገድ ይመረጣል። ለሁሉም ተማሪ ተልኳል ወይ የሚለው ጥያቄዬም እንዳለ ነው።


የቤተሰብ አገናኝ

በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ጥያቄው ለዲስትሪክቱም ሊቀርብ የሚችል ነው። ወላጆች ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ እንዲቀርብላቸው መጠየቅ እንደሚችሉ ልጨምር። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ ነገሩን በሚገባው ቋንቋ በነጻ የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ መሠረቱም እ.ኤ.አ. የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይቀመጡ። ልጁ ይዋሻል ማለቴ አይደለም፤ ስለ ራሱ ጉዳይ የሚተረጉም ልጅ የሚፈልገውን እንጂ የሚፈራውን ለወላጁ አይነግርም።


ነርስ ከሲያትል

እኔ በዚህ አገር ሥራ የጀመርኩት በሲኤንኤነት ሲሆን አሁን በአንድ ሆስፒታል ሙሉ ነርስ ሆኜ አገለግላለሁ። በማኅበረሰባችን ውስጥ ይህ ሥራ የተለመደ ስለሆነ ብዙዎቻችን ሥልጠናውን የምናውቀው ይመስለናል፤ በሁለተኛ ደረጃ ሲሰጥ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ላይ ስለሚጠሩ ቤተሰቦች ይደናገራሉ።

የመጀመሪያው እስካሁን የተነጋገራችሁበት የሁለተኛ ደረጃ ክሬዲት ነው። ሁለተኛው የሙያ ፈቃዱ ነው። ትምህርቱን በጥሩ ውጤት ማለፍ ብቻውን ሲኤንኤ አያደርግም፤ የዕውቀትና የተግባር ክፍል ያለውን የስቴት ፈተና ማለፍና መመዝገብ ያስፈልጋል። የፌዴራሉ ሕግ ለሥልጠናው ያስቀመጠው ዝቅተኛ ሰዓት 75 ሲሆን በዋሽንግተን የሚጠየቀው ከዚያ ይበልጣል፤ ከሰዓቱም ከፊሉ በሕሙማን አጠገብ በክትትል የሚሠራበት ነው። ፈተናው በሥልጠናው ማብቂያ ይዘጋጅ እንደሆነ፣ ክፍያውንስ ማን እንደሚሸፍን መጠየቅ ይገባል፤ ክሬዲቱን አግኝተው ፈተናውን ሳይወስዱ የቀሩ ልጆች አውቃለሁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የተማሩት ይረሳል።

ሦስተኛው የኮሌጅ ክሬዲት ነው። አንዳንድ የሙያ ትምህርቶች በትምህርት ቤቱና በአንድ ኮሌጅ መካከል በተደረገ ስምምነት የኮሌጅ ክሬዲትም ያስገኛሉ። ይህ ግን በራሱ አይመጣም። ተማሪው በጊዜው መመዝገብና ብዙውን ጊዜ ቢ ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት ይኖርበታል፤ ስምምነቱን ያላደረገ ሌላ ኮሌጅም ላይቀበለው ይችላል።

ለልጅቷ ግን ደስ ብሎኛል። በ17 ዓመቷ አረጋዊን ከአልጋ ማንሣት፣ ማጠብ፣ የደም ግፊት መለካት፣ ከሚያዝን ቤተሰብ ጋር መነጋገር ምን እንደሆነ ካወቀች በኋላ ነርስ ልሁን ብትል ውሳኔዋ ከልቧ ይሆናል፤ አልፈልግም ብትልም ብዙ ገንዘብ ሳታወጣ ማወቋ ትልቅ ጥቅም ነው።


ወላጅ ከቨርጂንያ

የዚህን ክር አንባቢዎች አንድ ነገር ላስታውስ፤ ከላይ የተጻፈው ሁሉ የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ነው። እዚህ ቨርጂንያ መደበኛው ዲፕሎማ 22፣ ከፍተኛው ዲፕሎማ ደግሞ 26 ክሬዲት የሚጠይቅ ሲሆን አቻነቱም በሌላ መንገድ ይሠራል። ከስቴት ወደ ስቴት የምትዛወሩ ቤተሰቦች ልጁ በሙያ ትምህርት ያገኘው የሳይንስ ክሬዲት በአዲሱ ትምህርት ቤት በሳይንስነቱ ይቀጥል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የትምህርቱን ዝርዝር ይዘት የሚያሳየውንም ጽሑፍ ከመዛወራችሁ በፊት ተቀበሉ።


የሬንተን እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በትናንትናው ዕለት ለካውንስለሯ ጽፌ በሒሳቡ መተካት እንደማልስማማ፣ በሥልጠናው ግን እንደምስማማ ገልጫለሁ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ያለበት ቀጠሮም ጠይቄያለሁ። ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ስናሰላው ግን አዲስ ችግር ገጠመን። ግማሽ ቀን በስኪልስ ሴንተር ካለፈ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ የሚቀራት ሦስት የትምህርት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። በእነዚህ ውስጥ እንግሊዝኛ፣ አልጀብራ 2 እና የአሜሪካ ታሪክ ከገቡ ያልጀመረችው የውጭ ቋንቋ የት ይገባል? ለዩኒቨርሲቲም 2 ክሬዲት የውጭ ቋንቋ ይጠየቃል ስለተባለ መተው አልፈልግም።


የአማርኛ ቅዳሜ ትምህርት ቤት አስተማሪ

እህቴ፣ ለዚህ ጥያቄ መልሱ በእጅዎ ያለ ይመስለኛል። በዋሽንግተን ስቴት ተማሪዎች በሚያውቁት ቋንቋ ችሎታቸውን በፈተና አሳይተው የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ማግኘት ይችላሉ፤ አማርኛም ፈተና ካላቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እንደ ደረጃቸው እስከ 4 ክሬዲት ሊሰጣቸው ይችላል። ልጅዎ 2 ክሬዲት እንኳ ብታገኝ የቋንቋው ግዴታ ይሟላል፤ ለስኪልስ ሴንተሩም ቦታ ይለቀቃል።

ነገር ግን መናገር ብቻ አይበቃም። ፈተናው መጻፍንም ይመዝናል፤ ውጤቱ ዝቅ የሚለውም ብዙውን ጊዜ በጽሑፉ ነው። ቤት ውስጥ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ፊደል ግን ያልቆጠሩ ልጆች ወደ እኛ የሚመጡት ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ያ ጊዜ አይበቃም። በክረምቱ ፊደሉን ጠንቅቃ አንድ አንቀጽ ያለ ችግር መጻፍ ከቻለች በመስከረምና በጥቅምት ልምምድ አድርጋ ልትፈተን ትችላለች። በኮምፒዩተር ስለሚጻፍ የግዕዝ ፊደል አተያየብን አስቀድማ ትልመድ። ፈተናውን መቼና የት እንደሚሰጡ፣ ክፍያ ካለውም ማን እንደሚከፍል ዲስትሪክትዎን ይጠይቁ።


አዲስ መጪ ቤተሰብ

ክሩን በማንበብ ብዙ ተምሬአለሁ። ወንድሜ ከጎንደር ከመጣ ገና ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ ዕድሜው 18 ነው። በአገር ቤት 11ኛ ክፍል ጀምሮ ነበር። ዘመዶች ዕድሜው ስላለፈ ሁለተኛ ደረጃ አይቀበሉትም፣ ቀጥታ ሥራ ይግባ ይላሉ። እርሱ ግን በእጁ መሥራት፣ በተለይም የመኪና ጥገና ይወዳል። እንዲህ ላለ ልጅ ይህ መንገድ ይሆነዋል?


የቤተሰብ አገናኝ

ወንድምዎ ዕድሜው አላለፈም። በዋሽንግተን ስቴት 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ዲፕሎማውን ለመጨረስ በመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ መማር ይችላል፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትሉ አስመዝግቡት። ከአገር ቤት ያመጣውን የትምህርት ማስረጃ በሙሉ፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ካርዱን ጭምር አስተርጉማችሁ ለዲስትሪክቱ ስጡ፤ የተማረው ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተመዝኖ ክሬዲት ሊሰጠው ይችላል። ይህ ሳይደረግ የቀረ ልጅ የሚያውቀውን አልጀብራ ከመጀመሪያው ሲደግም ዓመቱ ያልቅበታል። አማርኛውን ፊደል ቆጥሮ የመጣ ስለሆነ የቋንቋውን ፈተና በቀላሉ ያልፈዋል ብዬ እገምታለሁ።

የመኪና ጥገና በብዙ ስኪልስ ሴንተሮች ይሰጣል፤ ተማሪዎችም ከየዲስትሪክቱ እየመጡ ያለ ክፍያ ይማራሉ። በእንግሊዝኛው ገና የሚቸገር ልጅ በተግባር ክፍል ውስጥ ዕቃውን በእጁ ይዞ ስሙን ስለሚሰማ ቋንቋውም ይፈጥንለታል፤ ይህንን በየዓመቱ የማየው ነው። የእንግሊዝኛ ድጋፍ ወደ ስኪልስ ሴንተሩም ይከተለው እንደሆነ ግን ከመመዝገቡ በፊት ጠይቁ፤ ጥገና ማለት ዛሬ ከኮምፒዩተር ላይ መመሪያ ማንበብ ነው። የምዝገባ ቦታው በአሜሪካ የፀደይ ወራት ስለሚሞላ ማመልከቻውን በዚህ ወር አስገቡ፤ ቦታ ከሞላም ስሙ በተጠባባቂነት እንዲያዝ ጠይቁ፤ በነሐሴ መጨረሻ ቦታ የሚለቁ ተማሪዎች አሉ።